ኪራይ ሲዘገይ አከራይን ይቅርታ ስለመጠየቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በፉሪ፣ በለገጣፎ ከተከራዮች አፍ የሚሰሙ ናቸው። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ክፍሎች እያከራየች ነው ያሳደገችን፤ ትዳር ከያዝኩ ወዲህ ደግሞ እኔው ተከራይ ነኝ። በሁለቱም በኩል ሆኜ ስመለከት፣ ገንዘቡ በመዘግየቱ ከተጣሉት ይልቅ ተከራዩ ዝም በማለቱ የተጣሉት ይበዛሉ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ኪራዩ እንደሚዘገይብኝ አውቄያለሁ። መቼ ልናገር?

ቀኑ ሳይደርስ። እንዳወቃችሁ ብትናገሩ ይመረጣል፤ ቢያንስ ግን ሦስት አራት ቀን ሲቀረው።

አከራዩ ያንን ብር ገና ሳይቀበል ሥራ ሰጥቶታል። በኮንዶሚኒየም ሰፈር ከሆናችሁ፣ ብዙው አከራይ ቤቱን የያዘው በባንክ ብድር ነው፤ 20/80 ይሁን 40/60 (የቅድሚያ ክፍያውና የብድሩ ድርሻ በመቶኛ)፣ በየወሩ ለባንኩ የሚገባውን የሚሞላው ከእናንተ ኪራይ ነው። ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ አከራያችሁ ጡረታቸው ለወር አስቤዛ የማይበቃቸው እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ኪራዩ ዘይትም ነው፣ መድኃኒትም ነው፣ የልጅ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያም ነው። ቀድመው ካወቁ ባንኩንም ባለሱቁንም ለጥቂት ቀን የሚያስታግሱበት ጊዜ ያገኛሉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሰሙ ግን እነሱም በተራቸው ሳይዘጋጁ የሌላ ሰው ፊት ይቆማሉ።

አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ይሉኝታ ይይዘዋል። አከራዩ ሳይነሱ ማለዳ ይወጣል፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የግቢውን በር በቀስታ ገፍቶ ይገባል፣ ስልክ ሲጠራ አያነሳም። ግቢ ውስጥ ይህ አይደበቅም። የበሩን ድምፅ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ሰዓታችሁ እንደተቀየረ በሁለተኛው ቀን ያውቁታል። ከዚያ በኋላ የሚያስቡት ስለ ብሩ ሳይሆን «ሊያመልጠን ነው እንዴ?» የሚለውን ነው። እናቴን ያስቀየሟት ተከራዮች ገንዘብ ያጡት አልነበሩም፤ በሯ ላይ ሲያልፉ ሰላምታ ያቆሙት ነበሩ።

ምን ብዬ ልጀምር?

አጭር ይሁን፣ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ከሰው ፊት አይሁን። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ተሰብስቦ ባለበት፣ ወይም እንግዳ ሲሸኙ በር ላይ አስቁሞ የኪራይ ነገር ማንሳት አከራዩንም ያሸማቅቃል። ማምሻውን፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ግቡ። እንደዚህ ያለ ንግግር ይበቃል፦

«እትዬ፣ ደህና አመሹ? ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት። የዚህ ወር ኪራይ በቀኑ አይደርስልኝም፤ መሥሪያ ቤታችን ደመወዝ አዘግይቶብናል። ግማሹን ነገ ጠዋት አስገባለሁ። የቀረውን እስከ ወሩ 12 እጨርሳለሁ። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እዚህ ውስጥ ያለው ነገር ቢቆጠር ትንሽ ነው፤ ግን አከራዩ የሚፈልጉት ሁሉ አለበት። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ አሁን ስንት እንደሚገባ፣ የቀረው መቼ እንደሚገባ። ይቅርታውም መጨረሻ ላይ መጥቶ ክብደት አገኘ። ይቅርታ ብቻውን መጀመሪያ ላይ ሲመጣና ደጋግሞ ሲባል «እሺ፣ ታዲያ ገንዘቡስ?» የሚል ጥያቄ ነው የሚያስከትለው።

ቀኑን አጥብቃችሁ ያዙ። «እንዳገኘሁ»፣ «በቅርቡ»፣ «እግዜር ያውቃል» ቀን አይደሉም። ገንዘቡ በ8 ይመጣል ብላችሁ ብታስቡ በ12 ብላችሁ ተናገሩ። በ12 ብላችሁ በ9 ብታስገቡ የተመሰገናችሁ ናችሁ፤ በ8 ብላችሁ በ9 ብታስገቡ ግን ሁለተኛ ይቅርታ አለባችሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ሕዝብ መካከል ነው የምንኖረው፤ በአከራይ ፊት የተነገረ ቀን እንደ ትንሽ ነገር አይታይም።

አነጋገሩም ዋጋ አለው። ሴቲቱን እትዬ ወይም እማማ፣ ሰውየውን ጋሼ ወይም አባባ ስትሏቸው ከነበረ፣ በዚህ ቀን ወደ «አቶ እገሌ» መቀየር ነገሩን የክስ ያስመስለዋል። አከራዩ እኩያችሁ ሆኖ በሌላ ቀን አንተ የምትባባሉ ከሆነም በለመዳችሁት ቋንቋ ተናገሩ።

አከራዬ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። በጽሑፍ ልላክ ወይስ ልደውል?

ደውሉ፣ ከዚያ ጻፉ። ኮዬ ፈጬ ወይም አራብሳ የተከራየ ሰው አከራዩን በዓመት አንዴ ላያየው ይችላል፤ ስለዚህ ድምፅ የፊትን ቦታ ይተካል። ጽሑፉ ደግሞ የተባለው ቀንና መጠን እንዳይረሳ ነው። ስልክ ካላነሱ መልእክቱ ይቅደም፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የኮዬ ፈጬው ቤት ተከራይ ነኝ። የጥር ኪራይ በቀኑ እንደማይሞላልኝ ቀድሜ ላሳውቅዎት ብዬ ነው። ዛሬ 4,000 ብር በቴሌብር ልኬያለሁ፤ ቀሪውን 4,000 ብር እስከ ጥር 14 አስገባለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማምሻውን መልሼ እደውላለሁ።»

ማምሻውን እደውላለሁ ካላችሁ ደውሉ።

ባለቤቱ ውጭ አገር ሆነው ኪራዩን ወንድም ወይም እህት የሚሰበስብላቸው ከሆነ፣ መጀመሪያ መንገር ያለባችሁ ለሚሰበስበው ሰው ነው። እሱን ዘላችሁ ባሕር ማዶ ብትደውሉ «ተከራዩን እንኳ መያዝ አቃተህ» ተብሎ ይወቀሳል፣ ቂሙም የሚቀረው ከእናንተ ጋር ነው።

ምክንያቴን እስከ ምን ድረስ ላብራራ?

በአንድ ዓረፍተ ነገር። ደመወዝ ዘገየ፣ ልጅ ታመመ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ገባብኝ፣ ሥራዬ ቆመ። የሐኪም ወረቀት ማውጣት፣ የቤተሰብ ታሪክ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከተጠየቃችሁ ትመልሳላችሁ።

ውሸት ግን በፍጹም። በተለይ የሞት ውሸት። «አጎቴ አርፎብኝ» ብሎ ኪራይ ያዘገየ ሰው አከራዩ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ድንኳኑ የት ነው? ልድረስ እንጂ» ሲሉት መግቢያ ያጣል። እኛ ዘንድ ለቅሶ ሳይደረስ አይታለፍም፤ አከራይም ሐዘን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። ይህ ውሸት ከታወቀ በኋላ የሚነገር እውነት ሁሉ አይታመንም።

ሥራ የለቀቃችሁ ወይም የተቀነሳችሁ ከሆነ ደብቃችሁ «ደመወዝ ዘገየ» አትበሉ። የሚቀጥለው ወር ይመጣል፣ ደመወዙ ግን አይመጣም። ስለዚህ ከባዱን ነገር በመጀመሪያው ወር መናገር ይሻላል።

ደመወዜ በፈረንጆች ወር መጨረሻ ነው የሚገባው፤ ኪራዬ ግን በእኛ ወር 15 ነው። በየወሩ ይቅርታ ልጠይቅ ነው?

አይደለም። ይህ የሚፈታው ቀኑን በማዛወር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በእኛ ወር ማለቂያ ላይ ይገባል፤ ብዙ የግል ድርጅትና ፋብሪካ ደግሞ በፈረንጆቹ ይከፍላል። የፈረንጆቹ ወር መጨረሻ በእኛ ከ19 እስከ 25 ባለው ውስጥ ነው የሚውለው፦ ኦክቶበር 31 ጥቅምት 21 አካባቢ፣ ጁላይ 31 ሐምሌ 24 ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን የገባችሁት በ15 ከሆነና የመክፈያ ቀናችሁ 15 ሆኖ ከቀረ፣ ጨዋ ሆናችሁም በየወሩ ዘገዩ መባላችሁ አይቀርም።

አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ወደ 25 እንዲዛወርላችሁ ጠይቁ፤ በመካከል ያለውን የአሥር ቀን ኪራይ አንዴ ጨምራችሁ ለመክፈል ተዘጋጁ። ኪራዩ 6,000 ብር ቢሆን ለቀን 200 ብር ይደርሳል፤ ለአሥሩ ቀን 2,000 ብር ነው። አከራዩ አንዳች አይጎድልባቸውም፣ እናንተም ከዚያ በኋላ በቀናችሁ ትከፍላላችሁ። አዲሱን ቀን ውሉ ላይ አስገቡና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

የጳጉሜን ይከፈላል?

በልማድ አይከፈልም፤ ኪራይ በአሥራ ሁለት ወር ነው የሚታሰበው። ከጳጉሜን ይልቅ ያስቸገረው መስከረም ነው። ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ሁሉ እዚያው ላይ ይወድቃል። የመስከረም ኪራይ እንደሚከብዳችሁ ካወቃችሁ ነሐሴ ላይ ተናገሩ፤ አከራዮችም ልጅ ያስተምራሉና ይገባቸዋል።

ያለኝን ግማሹን ልስጥ ወይስ እስኪሞላ ልጠብቅ?

ስጡ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ግማሽ ብር እጅ ላይ ያረፈለት አከራይና ባዶ እጁን ቃል ብቻ የሰማ አከራይ አንድ አይደሉም። በባንክ ወይም በቴሌብር አስገቡና ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የጥር ኪራይ ከፊል» ብላችሁ ጻፉ። በእጅ ከሰጣችሁ በደብተር ይመዝገብ፤ ከጊዜ በኋላ «ሙሉ ነው የሰጠሁት»፣ «ግማሽ ነው የተቀበልኩት» የሚል ክርክር ስንት የተዋደደ ጎረቤት አለያይቷል።

ለማን ልንገር? ባልና ሚስት ናቸው።

ኪራዩን ለሚቀበለው። ብዙ ግቢ ውስጥ እሱ በስም፣ እሷ በተግባር ናት አከራይ። ልጅ አትላኩ። ሕፃን ልጅ «አባዬ ገንዘብ የለንም በል ብሎኛል» ሲል የሰማ አከራይ ልጁን አይቆጣም፤ እናንተን ግን አይረሳም።

ፍራፍሬ ወይም ስኳር ይዤ ልግባ?

ኪራዩ ሳይገባ አይሆንም። «ለዚህ የሚሆን ነበረው እንዴ?» ያሰኛል። ጨርሳችሁ ከከፈላችሁ በኋላ ለበዓል ወይም ለጥየቃ ይዛችሁ ብትገቡ የሚያምር ነገር ነው።

ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሳቸው ግን ተቆጥተው «ቤቴን ልቀቅ» አሉኝ። ወዲያው መውጣት አለብኝ?

በመጀመሪያው ምሽት የተባለውን እንደ መጨረሻ ውሳኔ አትውሰዱት። ቁጣው ይውጣላቸው፤ «ልክ ነዎት፣ አስቸግሬዎታለሁ» ብላችሁ ውጡና በማግስቱ የያዛችሁትን ያህል ገንዘብ ይዛችሁ ተመለሱ። አብዛኛው ነገር እዚያ ያልቃል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ጥበቃ ሰጥቷል። የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚጥለው መሆኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ኪራይ በጊዜው አለመክፈል አዋጁ ራሱ ውል ለማቋረጥ በቂ ከሚላቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ዘግይታችሁ ሳላችሁ አዋጅ እየጠቀሳችሁ መከራከር አያዋጣም። መጀመሪያ ዕዳውን አቃልሉ። በሌላ በኩል፣ የሚያስለቅቋችሁ በእርግጥ ስለመዘግየቱ ሳይሆን ኪራይ ጨምሮ ለሌላ ለመስጠት ከመሰላችሁና ለክፍያችሁ ማስረጃ ካላችሁ፣ ወደ ወረዳችሁ ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ወይም ገላን የምትኖሩ ደግሞ አስተዳደራችሁ በኦሮሚያ ሥር ያለው የሸገር ከተማ መሆኑን አትርሱ። ሥራችሁ ቦሌ ወይም መርካቶ ስለሆነ ብቻ የአዲስ አበባ ወረዳ ሄዳችሁ ቀን አታጥፉ።

የተጻፈ ውል የለንም፣ በቃል ነው የገባሁት።

አዋጁ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። በቃል የገባችሁ ከሆነ ግን ውል የማጻፉን ጥያቄ በዘገያችሁበት ሳምንት አታንሱ፤ ማስፈራሪያ ይመስላል። ዕዳችሁን ጨርሱ፣ በሰላም ጊዜ አንሱት።

ሽማግሌ መላክ ያለብኝ መቼ ነው?

የሁለት ወር ዕዳ ሲጠራቀም፣ ወይም እናንተና አከራዩ ፊት ለፊት መነጋገር ሲያቅታችሁ። ለጥቂት ቀን መዘግየት ሽማግሌ መላክ ነገሩን ያገዝፈዋል፤ አከራዩም «ለዚህ ነው ሰው የሰበሰብክብኝ?» ይላሉ።

ማንን እንደምትልኩ በደንብ አስቡበት። የራሳችሁ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ የእናንተ ወገን ነው፤ ሽማግሌ አይባልም። የሚሻለው የሰፈሩን ዕድር የሚመራ፣ ወይም በዚያው ግቢና በዚያው ብሎክ ብዙ የኖረ፣ አከራዩም እናንተም የምታከብሩት ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎኩ ኮሚቴ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ። ደላላውን ግን አትላኩ፤ ቤቱ ቢለቀቅ እሱ ሁለተኛ ኮሚሽን ያገኛልና ልቡ የት እንዳለ አይታወቅም።

ሽማግሌውን ባዶ እጁን አትላኩት። «ይቅርታ ይጠይቃል» ብቻ ብሎ የሚሄድ ሽማግሌ ራሱ ያፍራል። በእጁ የምትሰጡት ነገር ይኑር፦ የተወሰነ ብርና የቀረው በስንት ወር ተከፋፍሎ እንደሚያልቅ የሚናገር ቁርጥ ያለ ሐሳብ። ለምሳሌ የሁለት ወር ውዝፍ 12,000 ብር ከሆነ፣ ከመደበኛው ኪራይ ጋር በየወሩ 3,000 እየጨመሩ በአራት ወር መጨረስ ይቻላል። እርቅ ሲወርድም እናንተ ተነስታችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ሽማግሌው ስለጠየቀላችሁ ብቻ አይበቃም። እሳቸውም «ይቅር ለእግዜር» ካሉ በኋላ ያለፈውን አታንሱ።

ተበድሬ ብከፍልስ?

ገንዘቡ በእርግጥ የሚገባበትን ቀን ካወቃችሁ ለጥቂት ቀን መበደር ክፉ አይደለም። እኔ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ከገባችሁ ለዳኛው ችግራችሁን ንገሩ፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ሊለውጣችሁ ይችላል፣ ይህ የተለመደ ነገር ነው። እንደ ቴሌብር መላ ያሉት የስልክ ብድሮች ፈጥነው ይሰጣሉ፣ መመለሻ ቀናቸው ግን ቅርብ ነው፣ ክፍያም አላቸው። ለኪራይ የተበደሩትን ለመመለስ የሚቀጥለውን ወር ኪራይ መንካት ከጀመራችሁ ችግሩ ወር ተሻገረ እንጂ አልተፈታም። ለአራጣ አበዳሪ በፍጹም እጃችሁን አትስጡ፤ ከእሱ የአከራይ ቁጣ ይሻላል።

ባለፈው ወር ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ዘንድሮ... ማለቴ በዚህኛውም ወር ሊደገምብኝ ነው።

ብዙዎች ድምፃቸው እንዲህ እየተደናቀፈ ነው የሚጠይቁት፤ የሚያሳፍር መሆኑ ይገባኛል። ሁለተኛው ይቅርታ እንደ መጀመሪያው መሆን የለበትም። ያንኑ ንግግር ደግማችሁ ብትሉት አከራዩ ልማድ አድርጎታል ብለው ይወስዱታል። በዚህ ጊዜ መግባት ያለባችሁ ሌላ ነገር ይዛችሁ ነው።

ገቢያችሁ ለጊዜው ብቻ ከጎደለ ከላይ እንደተባለው ከፋፍላችሁ የምትጨርሱበትን ጻፉና ስጧቸው። ስትገቡ ያስያዛችሁት ብር ካለ፣ ከዚያ ላይ እንዲቆረጥና በኋላ እንድትሞሉት ጠይቁ። ገቢያችሁ ከቤቱ ኪራይ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ከቀረ ግን፣ ዕዳ ሳይበዛ በግልጽ «ቤቱ ከአቅሜ በላይ ሆኗል፤ ዝቅ ያለ እየፈለግሁ ነው፤ እስከዚህ ቀን እለቃለሁ» በሉ። አከራዩ ሌላ ተከራይ እንዲያዩ ጊዜ ስጧቸው፣ ቤቱን ለማየት ለሚመጡ ሰዎችም በር ክፈቱ። የውሃውንና የመብራቱን ቆጣሪ አብራችሁ አንብቡ፣ የቀረውን ዕዳ በወረቀት ተፈራረሙ፣ ቁልፉን በእጃቸው ስጡ። እናቴ እንዲህ አድርገው የወጡ አንድ ባልና ሚስት ነበሯት፤ ሌላ ክፍል ሲለቀቅ መጀመሪያ የደወለችው ለእነሱ ነበር።